«ወላጅ አምጣ» ለተባለበት ወላጅ፦ ስለ ተማሪዎች ጥፋትና ቅጣት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአያት ሰፈር አልፎ ባለው የአዲስ አበባ ዳር ከአሥር ዓመት በላይ አስተምሬያለሁ። ከዚያ ውስጥ አምስቱን ዓመት ዩኒት ሊደር ነበርኩ። ዩኒት ሊደር ማለት ልጅ ሲያጠፋ የሚላክበት ሰው ነው። ከቢሮዬ ደጃፍ አንዲት አግዳሚ ወንበር ነበረች። ጠዋት ጠዋት ወላጆች እዚያ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል። ግማሹ ተናዶ፣ ግማሹ አፍሮ። የሚጠይቁኝ ግን በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነገር ነው። እዚህ የሰበሰብኩት እሱን ነው።

የየትምህርት ቤቱ የሥነ ምግባር ደንብ ይለያያል። የመንግሥቱና የግሉም አንድ አይደለም። የልጅዎ ትምህርት ቤት ደንብ ምዝገባ ላይ ከፈረሙበት ወረቀት ጋር ተያይዟል። አዎ፣ ያ ሳያነቡ የፈረሙበት።

ልጄ «ወላጅ አምጣ» ተባለ። ተባረረ ማለት ነው?

አይደለም። ወላጅ መጥራት መሃል ላይ ያለ ደረጃ ነው። አብዛኛው ትምህርት ቤት የሚሄድበት መንገድ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ያስተማረው መምህር ይመክራል፣ ይቆጣል። አልሆን ሲል የክፍል ኃላፊው ይይዘዋል። ቀጥሎ ዩኒት ሊደሩ ጋ ይመጣል። የቃል ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ወላጅ መጠራት ያለበት እዚህ ጋ ነው። ከዚህ ካለፈ ጉዳዩ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቀርባል። ለቀናት መታገድም ሆነ ከዚያ የከበደ ውሳኔ የሚመጣው ከኮሚቴው በኋላ ነው።

ይህ ወረቀት ላይ ያለው ነው። በተግባር ግን «ወላጅ አምጣ» ለሁሉም በሽታ የሚታዘዝ ፓናዶል ሆኗል። ዩኒፎርም ያልለበሰውም፣ የቤት ሥራ ያልሠራውም፣ ጓደኛውን በድንጋይ የፈነከተውም እኩል ወላጅ አምጣ ይባላል። ስለዚህ ሲጠሩ መጀመሪያ ይህን ይጠይቁ፤ «ስንተኛው ጊዜው ነው? የተጻፈ ነገር አለ?» የተጻፈ ነገር ከሌለ ገና ምክር ላይ ነን ማለት ነው። እርስዎም ቤት ሄደው ቀበቶ የሚፈቱበት ምክንያት የለም።

ሥራዬ መርካቶ ነው። በ11 ሰዓት ወጥቼ ማታ 2 ሰዓት እገባለሁ። የግድ በአካል መምጣት አለብኝ?

እዚህ ጋ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም።

«ወላጅ አምጣ» የተፈለሰፈው ወላጅ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ በሚኖርበት ዘመን ነው። በድሮው ሰፈር እናት ጉሊት ላይ ናት፣ አባት ከማዕዘኑ ሱቅ ነው። ልጁ ሮጦ ሄዶ በአሥር ደቂቃ ይዟቸው ይመጣል። እንዲያውም ቀድመው ሰምተው ይደርሳሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ተቆጪ ነበር።

እዚህ ዳር ላይ ያ የለም። ኮንዶሚኒየሙ ቀን ቀን ባዶ ነው። ከአራብሳ መርካቶ ለመድረስ ሁለት ሦስት ታክሲ ይቀያየራል። የቀን ሠራተኛ ግማሽ ቀን ከቀረ የዕለቱን ገንዘብ አያገኝም። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ እናት ከማሽኗ ከተነሳች ይቆረጥባታል። እናም ልጁ አጠፋ፣ ቅጣቱን እናት ከፈለች። እሷ እስክትመጣ ደግሞ ልጁ ሁለት ሦስት ቀን ከበር ውጭ ይቆማል። በምን ምክንያት? የሒሳብ ደብተሩን ረስቶ።

ስለዚህ አይፈሩ፣ ይደውሉ። ዩኒት ሊደሩን ወይም የክፍል ኃላፊውን ያግኙና «ጉዳዩ ምንድን ነው? ልጁ ክፍል ይግባና እኔ ቅዳሜ ልምጣ?» ይበሉ። ብዙዎቻችን እሺ እንላለን። የሚጠይቀን ስለሌለ ነው። አክስት ወይም ለአቅመ ኃላፊነት የደረሰ ወንድም መላክም ይቻላል፤ ግን እርስዎ ራስዎ አስቀድመው ይደውሉ።

በአካል መምጣት የግድ የሚሆንባቸው ጉዳዮች አሉ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ላይ ሲፈረም፣ ደም የወጣበት ጠብ ሲኖር፣ ኮሚቴ ሲሰበሰብ። ለእነዚህ ከሥራ ፈቃድ ይጠይቁ። ትምህርት ቤቱ ለአሠሪዎ የሚያሳዩት የጥሪ ደብዳቤ እንዲሰጥዎትም መጠየቅ ይችላሉ። ለዩኒፎርምና ለቤት ሥራ ግን ስልክ ይበቃል። ይህን ስብሰባ ላይም ብዬዋለሁ። ሁሉም አልወደደውም።

መምህር ልጄን መምታት ይችላል?

አይችልም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት መብት ነው። ሕፃን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ውስጥ አካሉን ከሚጎዳ፣ ጭካኔ ካለበትና ኢሰብዓዊ ከሆነ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ይናገራል። ከዚያ በፊትም ኢትዮጵያ በ1983 የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ተቀብላለች። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ሥርዓት የልጁን ሰብዓዊ ክብር የጠበቀ መሆን አለበት ይላል። አንዳንድ መምህር የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ይጠቅስልዎታል። ልጅን በአግባቡ ማረም ወንጀል እንዳልሆነ የሚገልጽ ሐሳብ አለበት። ሕገ መንግሥቱ ግን ከሱ በላይ ነው። ትምህርት ቤትንም በስም ጠርቶታል።

ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው በ1987 ነው። ዛሬ ከሚያስተምሩት ወጣት መምህራን ብዙዎቹ ከዚያ ወዲህ የተወለዱ ናቸው። አርጩሜው ግን አብሯቸው አደገ።

ለምን? አንደኛ፣ እኛም ተገርፈን ነው የተማርነው። ሁለተኛ፣ ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል ዝም ለማሰኘት ሌላ መንገድ ቶሎ አይመጣም። ሦስተኛው እናንተ ናችሁ። ስንቱ ወላጅ ነው ቢሮዬ ገብቶ «ቲቸር፣ ግረፉልኝ፣ እኔ አልቻልኩትም» ያለኝ! የድሮ ሰው ልጁን ለየኔታ ሲሰጥ «ዓይኑን ብቻ ያትርፉልኝ» ይል ነበር ይባላል። የዛሬው እሱንም አይልም።

ራሴን ነፃ አላወጣም። መጀመሪያ አካባቢ መሳቢያዬ ውስጥ ቁራጭ ጎማ ነበረኝ። አንድ ሰሞን የምመታቸውን ልጆች ስም ሳስተውል ሁልጊዜ ያው ስድስት ልጆች ናቸው። በየሳምንቱ ያው ስድስት። ጎማው የሚሠራ ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ልጅ ይመጣ ነበር። ጎማውን ለጥበቃው ሰጠሁት። የበሩን ማጠፊያ አሰረበት።

ልጅዎ ተመትቶ ከመጣ ጉዳቱን ፎቶ ያንሱ። ያበጠ ወይም የቆሰለ ካለ ጤና ጣቢያ ወስደው ወረቀት ያውጡ። ከዚያ ለዳይሬክተሩ በጽሑፍ አቤት ይበሉ፤ ቅጂ ይያዙ። መምህሩን በር ላይ ጠብቆ መደባደብ ግን የእርስዎን ጉዳይ ያበላሻል። አይቼዋለሁ፤ ከሳሽ ሆኖ የመጣ አባት ተከሳሽ ሆኖ ሄደ።

ማንበርከክስ? ሣር ማስነጨት? ሽንት ቤት ማጽዳት?

ጠጠር ላይ ማንበርከክና ፀሐይ ላይ ማቆም ከመምታት አይለይም። ሰልፍ ፊት አቁሞ ማሳፈር ደግሞ ይብሳል፤ ሰውነት ይሽራል፣ ሳቅ አይረሳም። ሌሎቹን ለይቼ ነው የማያቸው። ግድግዳ ላይ የጻፈ ልጅ ግድግዳውን ቢያጸዳ ጥሩ ነው፤ ጥፋቱና ሥራው ተገናኝተዋል። ወረቀት የበተነ ይልቀም። አርፍዶ ለመጣ ልጅ ሽንት ቤት ማሳጠብ ግን ምን ከምን አገናኘው? በትምህርት ሰዓት ከሆነ ደግሞ ያመለጠውን ትምህርት በሌላ ያመለጠ ትምህርት መቅጣት ነው።

ልጄ አረፈድክ ተብሎ ከበር ተመለሰ። የት ይሂድ?

ጥያቄው ትክክል ነው። ብዙ ትምህርት ቤት ግን አይጠይቀውም።

እኛ ጋ ሰልፍ 2 ሰዓት ነው። በሩ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የመጣ ይመለሳል። ወዴት? ቤት ሰው የለም። ቁልፉ አንገቱ ላይ ከሆነ ተመልሶ ይተኛል። ካልሆነ ፕሌይስቴሽን ቤት አለ፣ ፑል ቤት አለ፣ ያላለቀ ሕንፃ አለ፣ ድንጋይ የሚወጣበት ጉድጓድ አለ። ከሳምንት በኋላ ያ ልጅ «ፎረፈ» ተብሎ ሌላ ክስ ይከፈትበታል። መፎረፍን ያስተማርነው እኛው ነን።

አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ በየቀኑ ከሩብ እስከ ሃያ አምስት ባለው ይመጣ ነበር። ሦስት ጊዜ መለስኩት። በአራተኛው ተናድጄ «ለምን?» አልኩት። እናቱ ማታ ፈረቃ ነች፣ ጠዋት 3 ሰዓት ነው የምትደርሰው። ታናሽ እህቱን አፀደ ሕፃናት የሚያደርሰው እሱ ነው። አፀደ ሕፃናቱ ደግሞ በሩን የሚከፍተው 2 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ እኛ ጋ በእግር ሃያ ደቂቃ። እንግዲህ ይደምሩት። ልጁ ቢሮጥም አይደርስም። ዓመቱን ሙሉ እስከ 2 ተኩል እንዲገባ ለጥበቃው ነገርኩት። አንድም ቀን 2 ተኩልን አላለፈም።

እንዲህ ዓይነት ነገር ቤትዎ ካለ መስከረም ላይ ይንገሩን። አፍረው አይተዉት። «ለምን አረፈድክ?» ሲባል «ቲቸር፣ ታክሲ ጠፋ» ብሎ የሚዋሽ ልጅ ብዙ ጊዜ የቤቱን ገመና እየሸፈነ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2012 የምገባ ፕሮግራሙ በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሲጀመር ማርፈዱ ሲቀንስ አይቻለሁ። ቁርስ ያለበት ቦታ ልጅ ቀድሞ ይደርሳል። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የነበረው መነጫነጭና ጠብም ረገብ አለ። ለካ ግማሹ «ባለጌ» የተራበ ነበር።

አንድ ልጅ አጥፍቶ ክፍሉ በሙሉ ተቀጣ። ልክ ነው?

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ልክ አይደለም። መምህሩ አጥፊውን ማግኘት ሲያቅተው የሚያደርገው ነገር ነው። ውጤቱ ደግሞ ሁለት ነው፤ ንጹሐኑ መምህሩን ይጠሉታል፣ አጥፊው ኋላ ወንበር ላይ ሆኖ በልቡ ይስቃል።

ልጄ ለሦስት ቀን ታገደ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ውሳኔውን በጽሑፍ ይጠይቁ። ማን ወሰነ፣ በምን ጥፋት፣ ከመቼ እስከ መቼ። ኮሚቴ ሳይሰበሰብ አንድ ሰው ተናዶ ያገደው ከሆነ ዳይሬክተሩን ያነጋግሩ። ልጁ የራሱን ቃል የመስጠት ዕድል ማግኘቱንም ይጠይቁ። ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የልጁን ታሪክ ከአሳዳሪው፣ ከጥበቃውና ከክፍል አለቃው ሰምተን ልጁን ሳንሰማ የወሰንንበት ቀን አለ።

ቀጥሎ በእነዚያ ቀናት ፈተና ካለ ምን እንደሚሆን ያረጋግጡ። ከክፍል ልጅ ደብተር ተውሶ እንዲጽፍ ያድርጉ።

በእኔ አስተያየት ልጅን ቤት መላክ ለዳር ሰፈር ልጅ ቅጣት አይደለም፤ ዕረፍት ነው። እናትና አባት ሥራ ናቸው። ቴሌቪዥኑ አለ። ከዚያ ይልቅ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሆኖ ከክፍሉ ቢለይ ይሻላል። ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፣ የሦስት ቀን ትምህርት ይጻፍ፣ ዕረፍትም ለብቻው ይውጣ። እኛ ሞክረነዋል። ልጆቹ «ቤት ብሄድ ይሻለኛል» ብለው ለመኑን። ያኔ ነው እንደሚሠራ ያወቅሁት። ችግሩ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፤ የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ አኩርፋን ነበር።

ሙሉ በሙሉ የሚባረረው በምን ጥፋት ነው?

ስለት ወይም ሌላ መሣሪያ ይዞ መምጣት፣ ሰው ላይ ከባድ ጉዳት ማድረስ፣ መምህር መምታት፣ አደንዛዥ ዕፅ ማዘዋወር፣ ከተደጋጋሚ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በኋላ ያልተመለሰ ጥፋት። በመንግሥት ትምህርት ቤት ይህ የአንድ ሰው ውሳኔ መሆን የለበትም። ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ያሉበት ኅብረት አለ። ወተመህ እንለዋለን። እሱም ሊያየው ይገባል።

በግል ትምህርት ቤት መንገዱ ሌላ ነው። እዚያ «ተባረረ» የሚለው ቃል እምብዛም አይሰማም። ሰኔ ላይ «ለሚቀጥለው ዓመት ቦታ የለንም» ይባላሉ። ሁሉም ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ካርዱ ላይ ደግሞ ጠባይ የሚለው ቦታ ከኤ ወደ ሲ ወርዶ ያገኙታል። ዝም ብለው አይቀበሉ። የኮንዳክት ውጤት ሲቀንስ ምክንያቱን መጠየቅ መብትዎ ነው። አዲሱ ትምህርት ቤት ካርዱንና መልቀቂያውን ሲያይ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።

ስልኩን ወረሱት። መቼ ነው የሚመለሰው?

ደንቡ ላይ ስልክ ክልክል ከሆነ መውረስ ይችላሉ። ለወላጅ መመለስ አለባቸው። «ዓመቱ ሲያልቅ» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም፤ ንብረቱ የእርስዎ ነው። ውስጡን ከፍቶ ማየት ደግሞ የማንም መምህር ሥራ አይደለም። ሲቀበሉ ፈርመው ይቀበሉ።

ሲኮርጅ ተያዘ። ያን ያህል ያስከብዳል?

ፈተናው ዜሮ ይሆናል፣ እርስዎም ይጠራሉ። ብዙ ወላጅ ኩረጃን እንደ ጥፋት አይቆጥረውም። «ያው ልጅ ነው» ይባላል። ግን የሚመጣውን ያስቡ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ጀምሮ ተማሪው ከሰፈሩ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ የሚወስደው እኮ በኩረጃና በስርቆት ምክንያት ነው። በዚያ የመጀመሪያው ዙር ካለፉት ተፈታኞች ብዛት ይልቅ የወደቁት ብዛት አገሩን ያስደነገጠ ነበር፤ ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄኔ ነው።

ሌሎች ልጆች ልጄን እየደበደቡት ነው። አባቱ ሄዶ ልጆቹን ይምታልኝ?

በፍጹም። የሰው ልጅ ላይ እጅ ያነሳ ትልቅ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ነው የሚያድረው።

ነገሩ ግን ትንሽ ሰፋ አድርጎ መታየት አለበት። የእኛ ሰፈር ትምህርት ቤቶች በአንድ ጀምበር የሚሞሉ ናቸው። በ2016 ከፒያሳ፣ በ2017 ከካዛንቺስ የተነሱ ቤተሰቦች ወደ አራብሳና ገላን ጉራ አካባቢ መጡ። ዓመቱ ተጋምሶ አዲስ ልጅ ይገባል። የሚያውቀው ሰው የለም። ከድሮ ነዋሪዎቹ ልጆች ጋር ቋንቋውም፣ ቀልዱም፣ የኳስ ቡድኑም ይለያያል። «የፒያሳ ልጅ ነኝ» የሚል ኩራት ይዞ ይመጣል። እዚህ ያለው ደግሞ «እና?» ይለዋል። ጠቡ ከዚያ ይጀምራል። ሁለቱም ወገን ቢሮዬ ሲቆም «እናቴ ትሙት፣ እሱ ነው የጀመረው!» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ልጅዎ የሚመታ ከሆነ ቀን፣ ቦታና ስም ይዘው ለክፍል ኃላፊው ይንገሩ። «ሁልጊዜ ይመቱታል» ከሚለው ይልቅ «ማክሰኞ በምሳ ሰዓት፣ ከውኃው ቧንቧ ጋ» የሚለው ይሠራል። መምህር ተመድቦ እዚያ ይቆማል። ከግቢ ውጭ፣ መንገድ ላይ ከሆነም ይንገሩን። አንዳንድ መምህር «ከበር ውጭ እኛን አይመለከተንም» ይላል። አይቀበሉት። ነገ ጠዋት ያው ጠብ ተሸክሞ ክፍል ይገባል።

እኛን የረዳን ነገር ተራ ነው። ተደባዳቢዎቹን ሚኒ ሚዲያ ክበብ ውስጥ አብረን አስገባናቸው። አንዱ ድምፅ አለው፣ ሌላው ይጽፋል። ወዳጅ ሆኑ ብዬ አላጋንንም። መደባደብ ግን አቆሙ።

ልጄ የሚያጠፋ፣ የሚመታ ቢሆንስ? ፖሊስ ሊጠራበት ይችላል?

ከባድ ጉዳት ካደረሰ ሊጠራ ይችላል። በወንጀል ሕጉ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው እንደ ትልቅ ሰው አይቀጣም፤ ለእሱ የተለዩ የእርምት እርምጃዎች አሉ። ፖሊስ ልጅዎን ሲያነጋግር እርስዎ እንዲገኙ ይጠይቁ። ለተራ የልጆች ጠብ ፖሊስ የሚጠራ ትምህርት ቤት ግን ሥራውን ለሌላ እየሰጠ ነው።

መምህር ወይም የትምህርት ቤት ሠራተኛ ልጄን አላግባብ ነካ። ለዩኒት ሊደር ልንገር?

ይህ የዲሲፕሊን ጉዳይ አይደለም። ወንጀል ነው። በቀጥታ ፖሊስ ጋ ይሂዱ፤ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚከታተሉ መርማሪዎች አሉ። ጥቃቱ ወሲባዊ ከሆነ ልጁን ሳያጥቡ፣ ልብሱን ሳይቀይሩ በቶሎ ወደ ሕክምና ይውሰዱ። የቀየሩት ልብስ ካለ ሳያጥቡ ይዘውት ይሂዱ። አዲስ አበባ ውስጥ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውም፣ ፖሊሱም፣ የሥነ ልቦና ድጋፉም በአንድ ቦታ የሚገኝበት ማዕከል አለው። ሽማግሌ ልከው «በዕርቅ እንጨርሰው» የሚሉ ይመጣሉ። በሩን አይክፈቱ። ልጁንም «ለምን ቶሎ አልነገርከኝም?» ብለው አይቆጡት።

በውሳኔው አልስማማም። አቤቱታዬን ለማን ላቅርብ?

ከታች ይጀምሩ። ዩኒት ሊደር፣ ዳይሬክተር፣ ቀጥሎ ወተመህ። ከዚያ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ክፍለ ከተማ፣ ትምህርት ቢሮ። የግል ትምህርት ቤት ከሆነ የከተማውን የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣንም ማነጋገር ይቻላል። ሁልጊዜ በጽሑፍ፣ ሁልጊዜ ቅጂ ይዞ።

የዳር ሰፈር ሰው ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ማጣራት አለበት። ትምህርት ቤቱ በማን ሥር ነው? ከአስፋልቱ ወዲህ አዲስ አበባ፣ ከአስፋልቱ ወዲያ በ2015 የተመሠረተው ሸገር ከተማ ሊሆን ይችላል። ያኛው የኦሮሚያ ነው፤ ቢሮውም ሌላ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥም ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከየካና ከቦሌ ተከፍሎ የተቋቋመው በ2013 ነው። የቆየ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘው የተሳሳተ ቢሮ ደጅ ላይ የሚውሉ ወላጆች አውቃለሁ። ከመሄድዎ በፊት የትምህርት ቤቱን ማኅተም ያንብቡ። እዚያ ላይ ተጽፏል።

እውነት ተማሪዎች ወላጅ ይከራያሉ?

ይከራያሉ። ቤት የሚነግሩት ከሌለ፣ ወይም ቤት የሚጠብቃቸው ዱላ ከሆነ፣ ምን ያድርጉ? ሊስትሮ፣ ረዳት፣ ባጃጅ ነጂ፣ ማንም ይሆናል።

አንዴ አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ አጎቴ ነው ብሎ አንድ ጎልማሳ ይዞ መጣ። ሰውዬው ጎበዝ ነበር። ቁጭ ሳይል ልጁን ይወርድበት ጀመር። «እናትህ ስንት ለፍታ!» አለ። እኔ ራሴ ልቤ ራራ። ከዚያ ቅጹን አቀረብኩና «የልጁን ስም ከነአያት ይጻፉልኝ» አልኩት። እስክሪብቶውን ያዘ። ልጁን አየው። ልጁ ኮርኒሱን አየ። ቀስ ብሎ «አንተ፣ ማነበር ስምህ?» አለው።

ልጁን አልቀጣሁትም፤ ስቄ ስለጨረስኩ አልቻልኩም። ሰውዬው ባጃጅ ነጂ ነው። የተቀበለውን ብር አስመለስኩት። ልጁ ግን ለምን እናቱን እንዳላመጣ ስጠይቀው «አንድ ቀን ከቀረች ይቀንሱባታል» አለኝ። በዚያው ቀን ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደወልኩላት። ሰባት ደቂቃ አወራን። ጉዳዩ አለቀ።

ለመደወል ግን ቁጥሩ መሥራት አለበት። በየዓመቱ መዝገባችን ላይ ካሉት ስልኮች ብዙዎቹ «ጥሪ አይቀበልም» ይላሉ። ሲም ተቀይሯል፣ ወይም ያስመዘገበው ቤት አከራይ ነው። ምዝገባ ላይ የሰጡን ቁጥር ዛሬም የእርስዎ ነው? ካልሆነ አዲሱን በልጁ የአማርኛ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ጽፈው ነገ ይላኩልን። የሚደወልበትንም ሰዓት ይጻፉበት።